የጉዞ ጋሪ ጥቆማ፦ የትኛው ለየትኛው ልጅ?

ትንሽ ታጣፊ ጋሪ የሚፈልግ ወላጅ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «አውሮፕላን ውስጥ ይገባል?» ጥያቄው ልክ ነው። ግን መቅደም የለበትም። ጋሪው ከመቀመጫ በላይ ባለው የሻንጣ ሣጥን ውስጥ የሚቆየው ጥቂት ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲያ ልጁ ይቀመጥበታል፣ ይበላበታል፣ ይተኛበታል፤ እናንተ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ትገፉታላችሁ። ስለዚህ ጥቆማ ስጠየቅ መጀመሪያ የማነሳው የልጁን ዕድሜ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ደርሳችሁ የምትውሉበትን ቦታ።

ዕድሜው ለምን ይቀድማል? አራስ ልጅ አንገቱ አልጠናም። ቀና ብሎ ሲቀመጥ ጭንቅላቱ ወደ ፊት ይወድቅና አገጩ ደረቱ ላይ ይደፋል፤ ያኔ ትንፋሹ ሊታፈን ይችላል። በዚህ ምክንያት ኢኤን 1888 የሚባለው የአውሮፓ የጋሪ ደረጃ፣ ከስድስት ወር በታች ላለ ልጅ የሚሆን መቀመጫ ጀርባው ቢያንስ 150 ዲግሪ እንዲከፈት ይጠይቃል። ለመጋደም ምንም አይቀረውም ማለት ነው። ከትንንሾቹ ጋሪዎች ብዙዎቹ እዚህ አይደርሱም፤ መመሪያቸው ላይም «ከ6 ወር ጀምሮ» ተብሎ ተጽፏል። ሻጩ «ችግር የለም፣ ትራስ ታደርጉለታላችሁ» ቢላችሁ አትስሙት። ትራስ ጭንቅላቱን ጭራሽ ወደ ፊት ሊገፋው ይችላል።

ልጃችሁ አራስ ከሆነ እንግዲህ ምርጫው ወዲያው ያጥራል። እኔ ዮዮን ነው የምጠቁመው። የሠራው ቤቢዜን የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ነው፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የኖርዌዩ ስቶኬ ስለገዛው ዛሬ የምታገኙት በስቶኬ ስም ነው። ብረቱ አንድ ሆኖ ሁለት ዓይነት መቀመጫ ይገጠምለታል። የአራሱ ጠፍጣፋ ነው፣ ልጁም ፊቱን ወደ እናንተ አዙሮ ይተኛል። ስድስት ወር ሲሞላው ያንን ታወልቁና የትልቁን ታለብሱታላችሁ። ዮዮ 2 የሚባለው 6.2 ኪሎ ይመዝናል፤ ሲታጠፍ 52 በ44 በ18 ሳንቲሜትር ነው፤ እስከ 22 ኪሎ የሚደርስ ልጅ ይችላል። ትከሻ ላይ ጣል የምታደርጉበት ማንገቻም አለው።

ጉድለቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ መቀመጫዎቹን ለየብቻ ስለምትገዙ ወጪው ይደራረባል፤ የእግር ማሳረፊያው እንኳ ራሱን ችሎ ነው የሚሸጠው። ሁለተኛ፣ የዮዮ 2 አስተጣጠፍ ቅደም ተከተል አለው። ቤት ውስጥ ደጋግማችሁ ካልተለማመዳችሁት ከኋላ ሰልፍ ሲጠብቃችሁ እጃችሁ ይተሳሰራል።

ልጁ ስድስት ወር ካለፈውና ራሱን ችሎ መቀመጥ ከቻለ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ። ታክሲ፣ ባቡር፣ ደረጃ፣ ጠባብ የሆቴል ክፍል ለሚበዛበት ጉዞ ሳይቤክስ ሊቤል ይሻላል። ክብደቱ 6 ኪሎ ገደማ ሲሆን ሲታጠፍ 48 በ32 በ20 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። የመኪናው የዕቃ ቦታ በሻንጣ ከሞላ እግራችሁ ሥር ታደርጉታላችሁ። እሱም እስከ 22 ኪሎ ይችላል። ድክመቱ እንቅልፍ ላይ ነው። ጀርባው ወደ ኋላ የሚሄደው ጥቂት ነው፤ ቀን ቀን ረጅም የሚተኛ ልጅ ካላችሁ አይመቸውም። ጎማዎቹም ትንንሽ ናቸው፤ በአስፋልት ላይ ይንሸራተታሉ፣ ድንጋይ ንጣፍ ላይ ግን እያንዳንዷን ስንጥቅ ትቆጥራላችሁ።

ቀኑን ሙሉ በእግር ለምትዞሩ፣ ልጁም ጋሪው ላይ እንቅልፉን ለሚጨርስ፣ ቡጋቡ በተርፍላይ። ከነዚህ ሁሉ ለልጁ የሚመቸው እሱ ነው ባይ ነኝ። የጀርባ መደገፊያው ረጅም ስለሆነ ሁለት ዓመት ያለፈው ልጅም ጭንቅላቱ አያልፈውም። የፀሐይ ጥላው በደንብ ይወርዳል። ከታች ያለው ቅርጫት እስከ 8 ኪሎ ዕቃ ይይዛል፤ ከትንሽ ጋሪ ይህን ያህል አትጠብቁም። መታጠፉም ፈጣን ነው። ግን 7.3 ኪሎ ነው። አንድ እጃችሁ ልጅ፣ አንድ እጃችሁ ጋሪ ይዞ ደረጃ ስትወጡ ያቺ የአንድ ኪሎ ልዩነት ትታወቃለች።

ስለ ጂቢ ፖኪት ሁሉም ይጠይቃል። በ2014 እ.ኤ.አ. ጊነስ የዓለማችን ትንሹ ታጣፊ ጋሪ ብሎ የመዘገበው ነው፦ 30 በ18 በ35 ሳንቲሜትር፣ 4.3 ኪሎ። ሲታጠፍ ማየት ደስ ይላል፣ እውነቴን ነው፤ የእጅ ቦርሳ ነው የሚያክለው። ያ የመጀመሪያው ሞዴል ግን ጀርባው አይተኛም። መግፊያው ደግሞ አንድ ወጥ ብረት ሳይሆን ሁለት የተለያየ እጀታ ስለሆነ በአንድ እጅ ስትገፉት ወደ ጎን ይሄድባችኋል። ስልክ ማንሳት፣ የትልቁን ልጅ እጅ መያዝ፣ በር መክፈት ሁሉ መከራ ነው። ራሱ መሄድ ለጀመረና ሲደክመው ብቻ ለሚቀመጥ ልጅ እንደ መጠባበቂያ ይሁን። ዋና ጋሪ አይሆንም።

ጁልዝ ኤር የሚባለው ጋሪ ጥሩነቱ አንድ ነገር ላይ ነው፦ በአንድ እጅ ይታጠፋል፣ በአንድ እጅ ይዘረጋል። ብዙ ጊዜ ብቻችሁን ከልጅ ጋር የምትጓዙ ከሆነ ከዮዮና ከሊቤል በፊት እሱን ሞክሩት።

አሁን ወደ አውሮፕላኑ። የአየር መንገዶች ማኅበር አያታ ለካቢን ሻንጣ እንደ አጠቃላይ መመሪያ የሚጠቅሰው ልክ 56 በ45 በ25 ሳንቲሜትር ነው። በዚህ ከሄድን ልካቸውን የጠቀስኩላችሁ ሁሉ ይገባሉ፤ በተርፍላይም 45 በ54 በ23 ስለሆነ ለጥቂት ያልፋል። ችግሩ መመሪያው አየር መንገዶቹን አያስገድድም። ልካቸውን 55 በ40 በ20 ያደረጉ አሉ። ያኔ ዮዮ በ44ቱ ወርድ ይወድቃል፣ በተርፍላይም ይወድቃል፤ ሊቤልና ፖኪት ብቻ ያልፋሉ። ኪሎም አለ። የካቢን ሻንጣ ከ7 ኪሎ አይበልጥ የሚሉ አየር መንገዶች ጥቂት አይደሉም፤ በተርፍላይ በሦስት መቶ ግራም ምክንያት ይቀራል ማለት ነው። ደግሞም ጋሪው እንደ እጅ ሻንጣችሁ ከተቆጠረ የዳይፐሩና የልብሱ ቦርሳ የት ሊገባ ነው? ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የአየር መንገዱን የሕፃናት ገጽ አንብቡ። ካቢን ይገባል ተብሎ ማስታወቂያ ላይ የተጻፈው የአምራቹ ቃል ነው፤ በሩ ላይ የሚወስኑት ሠራተኞቹ ናቸው። ሣጥኑ ከሞላ ደግሞ ሕጉ ቢፈቅድላችሁም ቦታ የለም።

ካልገባ የዓለም ፍጻሜ አይደለም። ብዙ አየር መንገዶች ጋሪውን እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ ገፍታችሁ እዚያ እንድታስረክቡ ይፈቅዳሉ። ታርጋ ይለጠፍበትና ከሻንጣ ጋር ይጫናል። ስታስረክቡ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ስንወርድ የምንቀበለው በሩ ላይ ነው ወይስ ሻንጣ መውጫው ጋ? መሀል ላይ አውሮፕላን የምትቀይሩ ከሆነ ይህ ጥያቄ ወርቅ ነው። ጋሪው በቀጥታ ወደ መጨረሻው መድረሻ ከተላከ ትራንዚቱን ልጅ ታቅፋችሁ ነው የምታሳልፉት፤ ስለዚህ ማዘያ ከእጃችሁ አይራቅ። ከማስረከባችሁ በፊት የሚነቀለውን ሁሉ ነቅላችሁ ያዙ፣ ጋሪውን ፎቶ አንሡት፣ ማቀፊያ ቦርሳ ካለው ክተቱት። ተሰብሮ ከመጣ ከአየር ማረፊያው ሳትወጡ አስመዝግቡ። የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት በሚሠራባቸው በረራዎች ለተጎዳ ሻንጣ የጽሑፍ አቤቱታ የሚቀርበው በተረከባችሁ በ7 ቀን ውስጥ ነው፤ ካለፈ መብታችሁ ያልፋል።

ሱቅ ስትሄዱ ልጁን ይዛችሁት ሂዱ። ባዶ ጋሪ ሁሉም ጎበዝ ነው። ልጁን አስቀምጡና በአንድ እጅ ገፍታችሁ አዙሩት። ረጅም የሆነው ወላጅ ይግፋው፤ አብዛኞቹ ትንንሽ ጋሪዎች መግፊያቸው ከፍ ዝቅ ስለማይል ረጅም ሰው ወገቡን ይጎብጣል፣ እግሩም የኋላውን ብረት ይመታል። ከዚያ ልጁን ታቅፋችሁ አጥፉት። ሻጩ ሲያጥፈው ማየት ዋጋ የለውም፣ ቀኑን ሙሉ የሚያጥፈው እሱ ነው። ቀበቶው ትከሻን፣ ወገብንና መሀል እግርን የሚይዝ ባለ አምስት ነጥብ ይሁን። የገዛችሁትን ሁሉ መግፊያው ላይ ማንጠልጠል ደግሞ ተዉት። እነዚህ ጋሪዎች ቀላል ናቸው፤ ልጁ ሲነሣ ወይም ወደ ኋላ ሲለጠጥ ይገለበጣሉ።

ስለ ማጠፊያው ትንሽ ልቆይ፣ ሰው የሚዘነጋው እሱን ነውና። ዛሬ የምናውቀውን ቀላል ታጣፊ ጋሪ በ1965 እ.ኤ.አ. የነደፈው ኦወን ማክላረን የሚባል እንግሊዛዊ ነው። የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፤ በስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን የማረፊያ እግር ሥራ ላይ የተሳተፈ። ተጣጥፎ የሚገባ ብረት ሲሠራ ለኖረ ሰው ጋሪ ማጠፍ ምን ይገርማል! ግን የሚታጠፍ ነገር ሁሉ ጣት ይይዛል። በ2009 እ.ኤ.አ. በስሙ የሚጠራው ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጋሪዎቹን በተመለከተ የማስጠንቀቂያ ጥሪ አወጣ፤ ምክንያቱም ሲዘረጉ ማጠፊያቸው የልጆችን ጣት ጫፍ በመቁረጡ ነበር። ለገዙት ሰዎች የማጠፊያ መሸፈኛ ተሰጣቸው። ስለዚህ ጋሪ ስትዘረጉና ስታጥፉ ልጁ ሁልጊዜ ራቅ ብሎ ይቁም፣ ወይ አንዱ ይያዘው።

ፀሐይ ላይ ደግሞ ጋሪውን በፎጣ ወይም በሻሽ አትሸፍኑት። ጥላ ያገኘ ይመስላችኋል፣ ውስጡ ግን አየር አጥቶ ይግላል፤ ልጁንም አታዩትም። የዝናብ ላስቲኩም ዝናቡ እንዳባራ ይነሣ።

አዲስ መግዛት የግድ አይደለም። የጉዞ ጋሪ ብዙ ጊዜ ቁም ሣጥን ውስጥ ስለሚውል ያገለገለውም ደህና ሆኖ ይገኛል። ግን ፍሬኑን ረግጣችሁ ቁልቁለት ላይ ግፉት። ሲዘረጋ «ቀጭ» ብሎ መቆለፉን ስሙ፣ የተለጠጠ ወይም የተቆረጠ የቀበቶ ክር ፈልጉ፣ የፊት ጎማዎቹ እየተርገበገቡ አለመሆኑን እዩ። ከብረቱ ላይ የሞዴሉንና የተሠራበትን ጊዜ የሚናገረውን ልጥፍ አንብባችሁ አምራቹ የማስጠንቀቂያ ጥሪ አውጥቶበት እንደሆነ አጣሩ። ልጥፉ ተልጦ ከጠፋ ሌላ ፈልጉ።