የመጋዘን ሚዛን ፕሮቶኮል በዋየርሻርክ፦ የሉዋ ዲኮደሩ መልእክት እየዘለለ ነው

ሚዛን_ጅማ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ አንድ የቡና መጋዘን ላይ ጆንያ የሚመዝኑ ሚዛኖች አሉ። ሚዛኑ በሲሪያል ኬብል ከመቀየሪያ ሳጥን ጋር ይገናኛል፤ ሳጥኑ ደግሞ በኢተርኔት፣ በቲሲፒ ፖርት 4001፣ ወደ ቢሮው ኮምፒውተር ይልካል። አልፎ አልፎ የተመዘነ ጆንያ መዝገቡ ላይ አይገኝም። ሚዛኑ ሳይልከው ቀርቶ ነው? መንገድ ላይ ጠፍቶ ነው? ወይስ ፕሮግራሙ ተቀብሎ ጥሎት? ይህን ለመለየት በኔትወርክ የሚያልፈውን ቀርጾ ለሚያሳየው ዋየርሻርክ ዲኮደር (ባይቶቹን ወደሚነበብ መስክ የሚፈታ ስክሪፕት) በሉዋ ቋንቋ እየጻፍኩ ነው። የፕሮቶኮሉ ሰነድ የለም። የሚዛኑን መስኮት ከባይቶቹ ጋር በማስተያየት የተገኘው የሚከተለው ነው፤ የባይቶቹ ዋጋ በሄክስ (በ16 መሠረት ቁጥር) ነው።

ባይት 0 እና 1፦ ሁልጊዜ 55 22
ባይት 2 እና 3፦ የይዘቱ ርዝመት፣ ለክብደት መልእክት 09 00
ባይት 4፦ ዓይነት፣ ክብደት ሲሆን 01
ባይት 5 እና 6፦ በየመልእክቱ በአንድ የሚጨምር ተራ ቁጥር
ባይት 7 እስከ 15፦ ክብደት 4 ባይት፣ ሁኔታ 1 ባይት፣ ሰዓት 4 ባይት
ባይት 16 እና 17፦ ሲአርሲ (መልእክቱ አለመበላሸቱ የሚረጋገጥበት ቁጥር) ሳይሆን አይቀርም

ችግሮቹ፦ በአንድ ፓኬት ውስጥ ሁለት ሦስት መልእክት ሲመጣ የሚታየው የመጀመሪያው ብቻ ነው። አንዳንዱ ፓኬት ላይ ቀይ «ማልፎርምድ» (ቅርጹ የተበላሸ) ይወጣል። ይህን ለማስተካከል «ዲሴክት ቲሲፒ ፒዲዩስ» የሚባለውን ፈንክሽን ስጠቀም ደግሞ ብዙ ፓኬት ተጠራቅሞ ባለ 2313 ባይት አንድ መልእክት ሆነ። 60.40 ኪሎ የሆነው ጆንያም −1743323136 ይላል። የት ጋ ነው የተሳሳተው?

ኪቶ_ፉርዲሳ፦

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አንድ በሽታ ናቸው። ይህ መሣሪያ ቁጥር የሚጽፈው ትንሹን ባይት አስቀድሞ ነው፤ ዲኮደርህ ግን ትልቁን አስቀድሞ ያነባል። 09 00 ትንሹ ቀድሞ ሲነበብ 9 ነው፣ ትልቁ ቀድሞ ሲነበብ 2304። በላዩ 7 ባይት ራስጌና 2 ባይት ሲአርሲ ጨምርበት፦ 2313። ዋየርሻርክ የነገርከውን አምኖ እስከዚያ ድረስ ይጠብቃል፣ በመሃል የመጣውንም ሁሉ ይውጣል። ክብደቱም እንዲሁ ነው። 98 17 00 00 በትክክል ሲነበብ 6040 ነው፣ ማለትም መሣሪያው በ10 ግራም ይቆጥራል፤ 60.40 ኪሎ። ገልብጠህ ምልክት ያለው ቁጥር አድርገህ ስታነበው ያ ኔጌቲቭ ቁጥር ይወጣል።

መፍትሔው ሁለት ቦታ ነው። መስኮችን ወደ ዛፉ (ዋየርሻርክ የመልእክቱን መስኮች ወደሚዘረዝርበት ክፍል) ስትጨምር በ«አድ» ፈንታ «አድ ኤልኢ» ተጠቀም። ርዝመቱን ራስህ ለስሌት ስታነብም «ዩኢንት» ሳይሆን «ኤልኢ ዩኢንት» በል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን አስተካክሎ ሁለተኛውን ይረሳል፤ ስክሪኑ ላይ ርዝመቱ 9 ተብሎ ይታያል፣ ስሌቱ ግን አሁንም በ2304 ይሄዳል።

ክብደቱን በኪሎ ለማሳየት መስኩን «ፍሎት» አድርገህ ለ«አድ» ሦስተኛ ግቤት የተካፈለውን ዋጋ ስጠው። ባይቶቹ እንደነበሩ ይታያሉ፣ ማጣሪያው ግን በኪሎ ይሠራል። ኢንቲጀሩንም ለብቻው መስክ አድርገህ አቆየው፤ በእኩል ምልክት ስታጣራ ፍሎት አያስተማምንም።

ሂርማታ፦

ኪቶ ያሉት ልክ ነው፣ ግን እሱ ብቻውን አይበቃም። ዋናው ነገር ቲሲፒ መልእክት የሚባል ነገር አያውቅም፣ የሚያውቀው የባይት ጅረት ነው። አንድ ሴግመንት (ቲሲፒ በአንዴ የሚልከው ቁራጭ) አንድ ተኩል መልእክት ሊይዝ ይችላል፣ ሁለት ባይት ብቻም ሊይዝ ይችላል። «የፓኬቱ መጀመሪያ የመልእክቱ መጀመሪያ ነው» ብሎ የሚነሳ ዲኮደር ይዋል ይደር እንጂ ይበላሻል።

«ዲሴክት ቲሲፒ ፒዲዩስ» ጥሩ ፈንክሽን ነው፤ ትንሹን የራስጌ መጠን (እዚህ 4 ባይት ይበቃል፣ ርዝመቱ እዚያ ያልቃልና)፣ ርዝመት የሚመልስ ፈንክሽንና አንድ ሙሉ መልእክት የሚፈታ ፈንክሽን ትሰጠዋለህ፣ መቁረጡንና መገጣጠሙን እሱ ይሠራዋል። ግን ጅረቱ ከመልእክት ድንበር ላይ መጀመሩን አምኖ ነው። ከሲሪያል መቀየሪያ ጀርባ ይህ እምነት አያዋጣም። ቀረጻው ግንኙነቱ ከተከፈተ በኋላ ከጀመረ፣ ወይም ሲሪያሉ ላይ አንድ ባይት ከወደቀ፣ የሚያነበው «ርዝመት» የሆነ ቦታ ያለ የክብደት ባይት ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ራሱን አያስተካክልም። ስለዚህ ዙሩን በእጅህ ጻፈው፦

1. ኦፍሴት (አሁን የምታነብበት የባይት ቦታ) ከዜሮ ይጀምር። መጀመሪያ የተቀረጸው ርዝመትና በሽቦው ላይ የነበረው ርዝመት እኩል መሆናቸውን አረጋግጥ። እኩል ካልሆኑ ቀረጻው በመጠን ገደብ ተቆርጧል፤ 0 መልስና ውጣ።
2. የቀረው ባይት ከ4 ካነሰ «ዴሴግመንት ኦፍሴት»ን አሁን ካለህበት ኦፍሴት ጋር አስተካክል፣ «ዴሴግመንት ሌን»ን ደግሞ «አንድ ተጨማሪ ሴግመንት» በሚለው ቋሚ ሙላ፣ ከዚያ ውጣ፤ ዋየርሻርክ ቀሪው ሲደርስ ከዚያ ቦታ ጀምሮ መልሶ ይጠራሃል።
3. ሁለቱ ባይት 55 22 ካልሆኑ አንድ ባይት ወደፊት ሂድ። የዘለልካቸውን ባይቶች «ያልታወቀ» በሚል መስክ ዛፉ ላይ አሳያቸው፤ በኋላ ይጠቅሙሃል።
4. ርዝመቱን አንብብ። ከ64 በላይ ከሆነ መነሻው የውሸት ነው፤ አንድ ባይት ዝለልና ቀጥል። 55 22 በይዘቱ መሃል በአጋጣሚ ሊመጣ ስለሚችል ይህ ገደብ ግዴታ ነው። 64 ያልኩት ለዚህ መሣሪያ ነው፣ ሌላ የመልእክት ዓይነት ረዘም ያለ ካገኘህ ከፍ አድርገው።
5. ሙሉው መልእክት ካልደረሰ «ዴሴግመንት ኦፍሴት»ን እንደ ደረጃ 2 አስተካክል፣ «ዴሴግመንት ሌን»ን በሚጎድለው ባይት ልክ ሙላና ውጣ። ከደረሰ ፍታ፣ ኦፍሴቱን በመልእክቱ ርዝመት ጨምርና ወደ 2 ተመለስ።

የመጀመሪያው ችግርህ፣ አንድ መልእክት ብቻ መታየቱ፣ በዚህ ዙር ይፈታል። ግን የ«ኢንፎ» ዓምዱን በየዙሩ አዲስ ጽሑፍ ከሰጠኸው የመጨረሻው ብቻ ይቀራል፤ መጀመሪያ አንዴ አጽዳው፣ ከዚያ እየቀጠልክ ጨምርበት።

ሁለት የቅንብር ነገር። በቲሲፒ ምርጫዎች ውስጥ ንዑስ ዲኮደሮች ጅረቱን እንዲገጣጥሙ የሚፈቅደው ምርጫ መብራት አለበት። የቲሲፒ ቼክሰም ማረጋገጫውን ደግሞ አጥፋው፦ ቀረጻው በዚያው በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ከሆነ የወጪ ፓኬቶችን ቼክሰም የሚሞላው የኔትወርክ ካርዱ ነው፤ ዋየርሻርክ ከመሞላቱ በፊት ያየውና ስህተት ነው ብሎ አይገጣጥመውም።

ሚዛን_ጅማ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ትንሹን ባይት አስቀድሞ ማንበቡና ዙሩ ሠርተዋል፣ ማልፎርምዱም ጠፍቷል። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ሲአርሲው የትኛው ዓይነት እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? የሰዓቱ መስክ ደግሞ ከአንዱ ሚዛን ትክክል ይመስላል፣ ከሌላው በሰዓታት ይለያል፤ ፕሮቶኮሉ ይለያያል ማለት ነው?

ኪቶ_ፉርዲሳ፦

ለ16 ቢት ሲአርሲ መጀመሪያ የሚሞከረው የሞድባስ ዓይነቱ ነው፤ የኢንዱስትሪ መሣሪያ ላይ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው። መነሻው 65535፣ ቢቶቹ ወደ ቀኝ ይገፋሉ፣ የወጣው ቢት 1 ሲሆን ከ40961 ጋር ኤክስኦር ይደረጋል። ቀጥሎ የሲሲአይቲቲ ቤተሰብ ነው፦ ፖሊኖሚያሉ 4129፣ ወደ ግራ የሚገፋ፣ መነሻው 65535 ወይም 0። ኮድህን በቀረጻው ላይ ከመሞከርህ በፊት ከ1 እስከ 9 ባሉት ቁጥሮች የአስኪ ጽሑፍ ፈትነው፦ ሞድባስ 19255 ይሰጣል፣ ሲሲአይቲቲ በ65535 መነሻ 10673፣ በ0 መነሻ 12739። እነዚህ ካልወጡ ስህተቱ ኮዱ ላይ ነው፣ ሚዛኑን አትክሰስ።

ከዚያ የሚሸፍነው የትኛውን ባይት እንደሆነ ይፈለጋል። ሦስት አማራጭ ሞክር፦ ከባይት 0፣ ከባይት 2 እና ከባይት 4 ጀምሮ እስከ ባይት 15። የወጣውንም በሁለቱም የባይት ቅደም ተከተል አስተያየው። አንድ መልእክት መግጠሙ ማስረጃ አይሆንም፤ ሃምሳ ያህል የተለያዩ መልእክቶች ሁሉ ሲገጥሙ ነው የሚታመነው። ሲአርሲው ከታወቀ በኋላ በሂርማታ ዙር ደረጃ 5 ላይ ጨምረው፦ ካልገጠመ መልእክቱን በቀይ አሳይ፣ ኦፍሴቱን ግን በ1 ብቻ አሳድግ።

ሰዓቱ ግን ፕሮቶኮሉ ተለያይቶ አይመስለኝም፣ የሞላው ሰው ነው የተለያየው። ዛፉ ላይ አንድ የተሰላ መስክ ጨምር፦ የመሣሪያው ሰዓት ሲቀነስ የፓኬቱ ሰዓት፣ በሰከንድ። ላፕቶፕህ ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያስተካክል መሆን አለበት። ከዚያ ልዩነቱን አንብብ። ዜሮ አካባቢ ከሆነ ሚዛኑ በዩቲሲ (ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው የዓለም መነሻ ሰዓት) ነው። 10800 ከቀደመ ጠዋት 2 ሰዓትን «8፡00» ብሎ የሞላ ሰው አለ፣ መሣሪያው የሰዓት ቀጠና አያውቅም። 10800 ወደ ኋላ ከቀረ በእኛ አቆጣጠር «2፡00» ብሎ ሞልቶታል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ቆሞ «2፡00» ከሞላ ደግሞ 54000 ወደ ኋላ ይቀራል። ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ከሆነ ዓመተ ምሕረቱ በእኛ ተሞልቷል፤ ልክ 946684800 ከሆነ መሣሪያው የሚቆጥረው ከ1970 ሳይሆን ከ2000 ጀምሮ ነው። ይህን የመጨረሻውን ብቻ ዲኮደሩ ያርመው። የቀሩትን አታርም፣ ልዩነቱን አሳይ፤ ሚዛኑን ነው ማስተካከል።

ሲሪያል_ሰሪ፦

ስለ መቀየሪያው ሳጥን ልጨምር፣ መልእክቱ ለምን እንደሚቆረጥ እዚያ ነው ያለው። በ9600 ቦድ፣ 8 ቢት ያለ ፓሪቲ በ1 ማቆሚያ ቢት፣ አንድ ባይት 1.04 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ 18 ባይት 18.75 ሚሊሰከንድ። ሳጥኑ «ይህን ያህል ጸጥታ ካለፈ የያዝከውን ላክ» የሚል ቅንብር አለው። ሚዛኑ በመልእክቱ መሃል ከዚያ በላይ ከቆመ ለሁለት ይቆረጣል። ጊዜውን ከፍ ብታደርገው ደግሞ ተከታታይ መልእክቶች ይጣበቃሉ። ለዲኮደሩ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ የቢሮው ፕሮግራም ግን እንደ መጀመሪያው ዲኮደርህ «አንድ ንባብ አንድ መልእክት» ብሎ ተጽፎ ከሆነ፣ የጠፋው ጆንያ የተጣበቀው ሁለተኛው መልእክት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ እሱን ጠርጥር።

ዲኮደሩን ለመፈተን ከቀረጻው አንድ ሙሉ መልእክት በሄክስ ቅዳና በ«ቴክስት ቱ ፒካፕ» የውሸት ቲሲፒ ራስጌ አልብሰው። 18 ባይት 17 መቁረጫ ቦታ አለው፤ በየቦታው ለሁለት እየቆረጥክ 17 ፋይል ሥራ። ሁሉም ላይ አንድ መልእክት ካልታየ ዙሩ ቀዳዳ አለው። ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ከ1ኛው፣ ከ2ኛው ወይም ከ3ኛው ባይት በኋላ ሲቆረጥ ነው።

ስክሪፕቱ በግል የሉዋ ፕለጊን ፎልደር ውስጥ ይቀመጥ፤ ቦታው «አባውት» መስኮት ውስጥ «ፎልደርስ» ላይ ተጽፏል። ከለወጥከው በኋላ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤል ይበቃል፣ ፕሮግራሙን መዝጋት አያስፈልግም። ያንኑ ፋይል ለቲሻርክ (ያለ መስኮት ለሚሠራው የዋየርሻርክ ቅጂ) በትእዛዝ መስመርም ከሰጠኸው ሁለቴ ይጫንና የፕሮቶኮሉ ስም ተደግሟል ብሎ ይቆማል። ኡቡንቱ ላይ በሩት (በአስተዳዳሪ መብት) አትክፈተው፤ ራስህን የዋየርሻርክ ግሩፕ ውስጥ አስገባና ወጥተህ ግባ።

የተራ ቁጥሩን ክፍተት ዲኮደሩ ውስጥ አታስላ። ዋየርሻርክ አንድን ፓኬት ደጋግሞ፣ በፈለገው ቅደም ተከተል ይፈታል፤ አንዱን ስትጫን፣ ስታጣራ፣ ቀለም ሲቀባ። «የመጨረሻው ቁጥር» ብለህ ግሎባል ተለዋዋጭ ውስጥ ያስቀመጥከው ነገር ወደ ላይ ስትወጣ ውሸት ይናገራል። ይልቁንስ በቲሻርክ የፓኬት ቁጥር፣ የላኪ አድራሻ፣ ተራ ቁጥር፣ ክብደትና የሲአርሲ ሁኔታ በመስክ አውጣና በኤክሴል አስላ። ተራ ቁጥሩ 2 ባይት ስለሆነ ከ65535 በኋላ ወደ 0 ይመለሳል፣ ያ ክፍተት አይደለም።

ከዚያ ንባቡ እንዲህ ነው። ተራ ቁጥሩ ሳይቋረጥ ደርሶ ጆንያው መዝገብ ላይ ከሌለ ጥፋቱ የፕሮግራሙ ነው። ተራ ቁጥሩ ላይ ክፍተት ኖሮ ቲሲፒው ላይ የጠፋ ሴግመንት ካልታየ፣ ባይቶቹ የወደቁት ከሚዛኑ እስከ ሳጥኑ ባለው ሲሪያል ላይ ነው፤ እዚያው አካባቢ «ያልታወቀ» ባይት ወይም ያልገጠመ ሲአርሲ ታገኛለህ። ኬብሉን፣ ግራውንዱንና የፍሰት መቆጣጠሪያውን ፈትሽ። ክፍተቱ ዋየርሻርክ «ያልተቀረጸ ሴግመንት» ካለው ቦታ ጋር ከገጠመ ግን ምንም አልጠፋም ይሆናል፤ የጎደለው ቀረጻህ ነው። ያን ጊዜ ከኮምፒውተሩ ይልቅ ስዊቹ ላይ ሚረር ፖርት (የሌላ ፖርት ትራፊክ ቅጂ የሚደርሰው ፖርት) ከፍተህ ቅረጽ።

ሚዛን_ጅማ፦

ከሁለት ሚዛን የተቀረጸውን በዚህ መንገድ አወጣሁት። ተራ ቁጥሩ አይቋረጥም፣ ሲአርሲውም ሞድባስ ሆኖ ከባይት 2 ጀምሮ ይገጥማል። መዝገብ ላይ የሌሉት ሁሉም በአንድ ሴግመንት ውስጥ ሁለተኛ ሆነው የመጡ ናቸው። ፕሮግራሙን ማስተካከል የሚችል ሰው ለጊዜው የለም። ሳጥኑ ላይ ሌላ ምርጫ አለ?

ሲሪያል_ሰሪ፦

አለ። «በርዝመት ላክ» የሚል ቅንብር ካለው 18 አድርገው፤ የክብደት መልእክት ብቻ የሚልክ ሚዛን ከሆነ ይሠራል፣ ሌላ ርዝመት ያለው ዓይነት ካለ ግን ይንሸራተታል። አለዚያ የጸጥታ ጊዜውን ወደ 5 ሚሊሰከንድ አውርድና ሚዛኑ በመሃል ቆም እንደማይል በቀረጻው አረጋግጥ። ሁለቱም ማስታገሻ ናቸው። ቲሲፒ ራሱ ሁለት ልኮችን ሊያጣብቅ ይችላል፤ መልሶ መላክ ሲኖር ወይም ኮምፒውተሩ ሥራ በዝቶበት ሳያነብ ሲቆይ ፕሮግራሙ ያንኑ ሁለተኛ ጆንያ ይጥለዋል።