ለአባባ መርሳት ጥቁር ቸኮሌት ይረዳል ወይ?

የአባባ ልጅ (ቱሉ ዲምቱ)፦
ሰላም እንዴት ናችሁ? አባቴ 71 ዓመታቸው ነው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ከፋሲካ ወዲህ መርሳት ጀምረዋል። ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳቱስ ምንም አይደለም፣ እሱን እኔም እረሳለሁ። ግን አንዱን ጥያቄ በአንድ ከሰዓት ሦስቴ ይጠይቁኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጀበና ጥደው ረስተውት ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ከሥራ ስመለስ ደረጃው ሁሉ በጭስ ታፍኗል፣ ጀበናዋም ለሁለት ተሰንጥቃለች።

አሜሪካ ያለው ወንድሜ ይህን ሲሰማ በሰው እጅ ስድስት ጥቁር ቸኮሌት ላከ። ላዩ ላይ ኮኮዋ 85 ከመቶ ይላል። «ለአእምሮ ፍቱን ነው፣ በቀን አንድ ይብሉ» አለኝ። አንድ ማለቱ ባለ 100 ግራሙን ሙሉውን ነው! አባባ ስኳር አለባቸው፣ ሜትፎርሚን ከጀመሩ ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው። የግፊት ኪኒንም ይወስዳሉ።

እውነት ይጠቅማል? ስንት ይብሉ? አንዱን ስከፍተው ደግሞ ላዩ ነጫጭ ሆኗል፣ ሻግቶ ይሆን? ሱቅ የሚሸጠው የኮኮዋ ዱቄትስ ያው ነው?

የኮዬ ልጅ፦
የቸኮሌት ሻጮች ወሬ ነው፣ አትስሚ። እኔ ማትሪክ ስፈተን «ጭንቅላት ይከፍታል» ብለውኝ ሌሊቱን ሙሉ ስቆረጥም አደርኩ። የተከፈተው ሆዴ ነው።

ሲስተር ከገላን፦
እህቴ፣ ቸኮሌቱ ይቆይና መጀመሪያ ወደ ሜትፎርሚኑ ልምጣ። ይህ መድኃኒት ለብዙ ዓመት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ሊያሳንስ ይችላል። ቢ12 የሚገኘው ደግሞ ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። አባባ ጾሙን ሁሉ የሚጾሙ ከሆነ በሁለት በኩል ተጎድተዋል ማለት ነው። ቢ12 ሲያንስ ሰው ይረሳል፣ ይደክመዋል፣ እግሩን ይደነዝዘዋል። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በመርፌ ወይም በኪኒን ይተካል። ስለዚህ ቢ12ና ታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ይታይልኝ ብለሽ ለሐኪማቸው ንገሪ። መድኃኒቱን ግን በራስሽ እንዳታቋርጪባቸው! እግራቸውን ያቃጥለኛል ወይም ይደነዝዘኛል ይላሉ?

ቸኮሌቱን በተመለከተ የኮዬው ወንድማችን ግማሽ እውነት ይዟል። ኮኮዋ ውስጥ ፍላቫኖል የሚባል ነገር አለ። የደም ሥርን ያላላል፣ ደም እንደ ልብ እንዲሄድ ያግዛል። አእምሮም የሚሠራው በደም ስለሆነ ተስፋው ከዚያ የመጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው 65 ያለፈ 2,262 ሰዎችን ለሦስት ዓመት ተከታትለዋል። ለግማሾቹ በየቀኑ 500 ሚሊግራም ፍላቫኖል በካፕሱል ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ ሲወጣ በማሰብ ችሎታቸው ላይ ኮኮዋው ያመጣው ለውጥ የለም። የሚገርመው፣ በዚያው ጥናት ተራው መልቲቫይታሚን የተሻለ ሠርቷል።

በዓመቱ ደግሞ ከ3,500 በላይ ሰዎች የገቡበት ሌላ ውጤት ወጣ። እዚያ ትንሽ የማስታወስ መሻሻል ያገኙት ቀድሞውኑ ምግባቸው ውስጥ ፍላቫኖል ያነሳቸው ሰዎች ናቸው። ለምርምሩ ገንዘብ ካዋጡት አንዱ ማርስ የተባለው የቸኮሌት ኩባንያ ነው። ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፣ ግን ልብ በይ፣ የተሰጠው ካፕሱል እንጂ ቸኮሌት አይደለም።

ደግሞ ፍላቫኖል ሻይ ውስጥም፣ ፖም ውስጥም አለ። አባባ ሻይ ይወዳሉ?

የአባባ ልጅ፦
ሲስተርዬ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሻይ በቀን አራቴ ነው። እግሬን ደነዘዘኝ ካሉማ ቆይተዋል፣ እኛ የስኳሩ ነው ብለን ተውነው። ጾምም አንድ አይቀራቸውም።

ሲስተር ከገላን፦
የስኳሩም ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም አንድ ላይ ይሆናል። ለማንኛውም ሳይታይ አይቅር።

ኬክ ጋጋሪዋ (ለገጣፎ)፦
የነጩን ነገር እኔ ልመልስ። ሻጋታ አይደለም። ቸኮሌት በመንገድ ሙቀት ሲያገኘው ውስጡ ያለው የኮኮዋ ቅቤ ይቀልጥና ላዩ ላይ ወጥቶ ይረጋል። በጣትሽ አሸት ስታደርጊው ከጠፋ እሱ ነው። ሻጋታ ፀጉር አለው፣ ይሸታል። አይጣልም፣ ይበላል።

ዱቄቱን ግን ዝም ብለሽ እንዳትገዢ። ሱቅ ያለው አብዛኛው ጠቆር ያለ፣ ለስለስ ያለ ነው። ምሬቱ እንዲጠፋ በአልካሊ (ኮምጣጣነትን በሚያጠፋ ንጥረ ነገር) የታከመ ነው። ለኬክ ቀለሙ ያምራል፣ እኔም የምሠራው በእሱ ነው። ግን ሲስተር ያለችው ፍላቫኖል በዚያ ሂደት በብዛት ይጠፋል። ያልታከመው ገርጣ ያለ ቡናማ ነው፣ ምላስ ላይ መረር፣ ኮምጠጥ ይላል። ጀርባውን አንብቢ። ለልጆች በወተት የሚበጠበጠውን ከሆነ አብዛኛው ስኳር ነውና ለአባባ እንዳታስጠጊው። ለጾምም ብለሽ የቸኮሌቱን ጀርባ እዪ፣ ጥቁር ሆኖ ወተት ያለበት አለ።

ጡረተኛው (ሰበታ)፦
ልጄ፣ እኔም በአባትሽ ዕድሜ ነኝ። ባለቤቴ «ነግሬህ ረሳህ» እያለች አንድ ዓመት ስትጨቀጭቀኝ ለካ ከመጀመሪያውም አልሰማኋትም። ጆሮዬ በኩክ ተደፍኖ ነበር! አጸዱልኝ፣ አሁን ሁሉን እሰማለሁ። (አንዳንዴ ባልሰማ ይሻለኝ ነበር።) የአባትሽን ጆሮም አሳይላቸው።

የኮዬ ልጅ፦
ሃሃ አባባ ይመቾት። እሺ ሲስተር፣ ስንት ይብሉ የሚለው አልተመለሰም።

ሲስተር ከገላን፦
ከወደዱት አንድ ካሬ፣ 10 ግራም ገደማ፣ ከምግብ በኋላ። ባለ 85ቱ በ100 ግራም ውስጥ ወደ 15 ግራም ስኳር ነው ያለው፣ ስለዚህ አንዷ ካሬ ስኳራቸውን አታንረውም። ሙሉው 100 ግራም ግን 600 ካሎሪ ገደማ ነው፣ አንድ ምሳ በሉት። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ 28 ጥቁር ቸኮሌቶች ተመርምረው ሁሉም ውስጥ እርሳስና ካድሚየም የተባሉ ጎጂ ብረቶች ተገኝተዋል። በየቀኑ ብዙ የማልመክረው ለዚህም ነው። እንደ ጣፋጭ ይብሏት፣ እንደ መድኃኒት አትቁጠሩባት። ምድጃውን ደግሞ እስከዚያ ብቻቸውን ሲሆኑ ከሶኬት ንቀይው።

የአባባ ልጅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰኞ ጠዋት ይዣቸው እሄዳለሁ፣ ደምም ጆሮም። ወንድሜ ትንሽ አኩርፏል፣ ይበርድለታል። ቸኮሌቱን ቁም ሳጥን ውስጥ ደብቄ ነበር። ዛሬ ስከፍት አንዱ በወረቀቱ ብቻ ቀርቷል። «እኔ አላየሁም» ይላሉ፣ አፋቸው ዳር ግን ጠቁሯል። ይህን ረስተውት ይሁን አውቀው አላውቅም።

ኬክ ጋጋሪዋ፣ ዱቄቱን ከታች ካለው ሱቅ አየሁት። በጣም ጥቁር ነው። ጀርባው ላይ ኢ501 ይላል።

ኬክ ጋጋሪዋ (ለገጣፎ)፦
እሱ ፖታሲየም ካርቦኔት ነው፣ የምሬት ማለዘቢያው። ለአባባ ተዪው። ገዝተሽው ከሆነ ግን ለእኔ አምጪው፣ ኬክ እጋግርላቸዋለሁ።