የፖርትሬት ሥልጠና ባሕር ዳር፦ የ3 ቀኑ ወይስ የ5 ቀኑ? ጥቆማ እፈልጋለሁ

የሽምብጥ ልጅ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ግንቦት ላይ ሁለት የፖርትሬት ሥልጠናዎች አሉ፤ ሁለቱንም የሚመሩት በሥዕል የሚተዳደሩ ሠዓሊዎች ናቸው። አንዱ ሐይቅ ዳር፣ 3 ቀን፣ በዘይት ቀለም። ሌላው አባይ ማዶ፣ 5 ቀን፣ በአክሪሊክ። እርሳስ ላይ ደህና ነኝ፣ ቀለም ላይ ገና ነኝ። የቱ ይሻላል? ቀለሙንስ ከየት ልግዛ?

ብሩሽ ቁጥር 8፦ ፔዳ በር ካለው ሱቅ ግዛ። ሌላ ቦታ አትልፋ።

ሸራ ወጣሪ፦ 3 ቀን ለዘይት ይበቃል፣ አሠራሩን ለሚያውቅ። የመጀመሪያው ቀን በርንት አምበር (ጥቁር ቡናማ) ብቻ፣ በአኳራጅ ቀጥኖ፣ ጥላና ብርሃን መለየት። አምበር ቶሎ ስለሚደርቅ በማግሥቱ ሌላ ቀለም ይሸከማል። በመጀመሪያው ቀን ነጭ ከገባ ግን አለቀ፤ ቲታኒየም ነጭ ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል፣ ከላዩ የሚመጣው ሁሉ ከሱ ጋር ተለውሶ ጭቃ ይሆናል። አክሪሊክ ተቃራኒው ነው፤ በግንቦት ሙቀት ፓሌቱ (ቀለም መደባለቂያው) ላይ እያለ ይደርቅብሃል። ውኃ መርጫ ያዝ፣ ከቀለሙ ሥር እርጥብ ሶፍት አንጥፍ።

ዋንዛ፦ የሐይቅ ዳሩ የባለፈው ዙር አዘጋጅ ከሆነ ይቅርብህ። 18 ሰው ለ1 ሞዴል! ከ6ቱ በስተቀር የቀረው ሰው ጆሮ ሲሥል ነው የዋለው። ሞዴሏ ከእረፍት ስትመለስ ወንበሩ ዞሯል፣ ጥላው ሁሉ ተቀይሯል። ዋጋውንም ሲጠይቋቸው «በውስጥ መስመር»።

ደንገል፦ ዘጌ ተሻግሮ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ግድግዳ ያየ ሰው በጎን የሚሣለው ማን እንደሆነ ያውቃል። ጻድቅ ሁለት ዓይኑ ይታያል፣ አንድ ዓይን የተሰጠው ወዮለት። እንግዲህ ልጅቱን ሳታውቀው 12 ሰው ከኃጥአን ጋር ደምሯታል።

ዋንዛ፦ ቀልዱን ተወው ወንድሜ፣ ገንዘብ ተከፍሎበታል።

ሰሜን መስኮት፦ ለ1 ሞዴል 7 ወይም 8 ኢዝል (የሸራ ማቆሚያ)፣ በግማሽ ክብ፣ ከ2 ሜትር ባላነሰ ርቀት። ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለተኛ ሞዴል ማምጣት ነው። ሞዴሏ ገና ሳትነሣ የወንበሩ 4 እግሮችና የጫማዋ ዙሪያ በወረቀት ፕላስተር ምልክት ይደረግባቸዋል፤ አፍንጫዋ ባነጣጠረበት ግድግዳ ላይም አንዲት ቁራጭ ትለጠፋለች። 20 ደቂቃ ተቀምጣ 5 ደቂቃ ታርፋለች። ይህን የማያደርግ ጎበዝ ሠዓሊ ሊሆን ይችላል፣ አሠልጣኝ ግን አይደለም።

ሌላው ብርሃኑ ነው። «የሰሜን መስኮት ብርሃን አይለዋወጥም» የሚባለው ከኛ ርቀው በሰሜን ላሉ አገሮች ነው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ በሰሜናችን በኩል ታልፋለች። ጣና ደግሞ ከከተማው በስተሰሜን ነው። ስለዚህ በግንቦት ሐይቁን የሚያይ መስኮት ጠዋትና ወደ ማታ ፀሐይ ያስገባል፣ የአፍንጫው ጥላ ሠርተህ ሳትጨርሰው ጉንጭ ላይ ይደርሳል። ወይ መስኮቱ ላይ አቡጀዲ ይወጠር፣ ወይ በደቡብ መስኮት ይሠራ። አባይ ማዶ ያለውንም መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ ጠይቅ።

ብሩሽ ቁጥር 8፦ ፔዳ በር ያለው ሱቅ የተወጠረ ሸራም አለው።

ሸራ ወጣሪ፦ ያንን ሸራ ፈትነው። ከፊቱ የውኃ ጠብታ ጣል አድርግ፤ ጀርባው ከረጠበ ሽፋኑ ስስ ነው፣ የቀለሙን ዘይት ይመጠዋል፣ ሥዕሉ ይደበዝዛል። 2 እጅ ሽፋን ጨምርበት፣ በመሀሉ በ220 ብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው። ስትገዛ ታዲያ «ጄሶ» እንዳትል፤ የግድግዳ ጄሶ ይሰጡሃል፣ ሸራ ላይ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። «አክሪሊክ ፕራይመር» በል።

ብሩሽ ቁጥር 8፦ ከዚያ ሱቅ ገዝቶ ሸራው ላይ ውኃ ያፈሰሰ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

የማርያም ወርቅ፦ ይቅርታ፣ ለልጄ ልደት ከፎቶ አይቶ የሚሥል የምታውቁት አለ?

ሸራ ወጣሪ፦ እህቴ፣ ማንም ይሣለው፣ ፎቶውን በፍላሽ አታንሺው። ፍላሽ ጥላውን ይበላል፣ ፊቱ ምጣድ ይመስላል። መስኮት አጠገብ በጎን ብርሃን አንሺው።

ደንገል፦ እሺ፣ ቁም ነገር ልናገር። 6 ቱቦ ይበቃሃል፦ ቲታኒየም ነጭ፣ የሎ ኦከር (አፈርማ ቢጫ)፣ ካድሚየም ቀይ፣ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ)፣ በርንት አምበር፣ አልትራማሪን (ሰማያዊ)። አልትራማሪኑ ጀርባው ላይ ፒ ቢ 29 (PB29፣ የቀለሙ መለያ) የሚል ይሁን። ጥቁር አትግዛ፤ ሲየናና አልትራማሪን ሲዋሐዱ ከጥቁር የተሻለ ጥላ ይወጣቸዋል። ጠይም ፊት ላይ ጀማሪ የሚስተው ብርሃኑን በነጭ ብቻ ሲያነሣ ነው፤ አመድ የተነፋበት ይመስላል። መጀመሪያ ኦከርና ጥቂት ቀይ፣ ነጩ ቆይቶ። ግንባርና የአፍንጫ ጫፍ ላይ ግን የሰማይ ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ እዚያ ነጩ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል አልትራማሪን። ከዚያ ካለፈ ሰውየው የበረደው ይመስላል።

የሽምብጥ ልጅ፦ ለማቅጠኛ የወጥ ቤት ዘይት አይሆንም?

ሰሜን መስኮት፦ የፓልም ዘይት ዓመትም ቢቆይ አይደርቅም። ለሥዕል የተጣራ የተልባ ዘይት ነው። እሱን የነካ ጨርቅ ጨምድደህ ጥግ አትጣል፣ በራሱ ሊነድ ይችላል፤ ዘርግተህ አድርቀው። የአኳራጁን እጣቢ ደግሞ ወደ ሐይቁ እንዳትደፋው፣ በጠርሙስ አጠራቅመው፤ ሲጠል ከላይ ያለው ተመልሶ ይሠራል።

የሽምብጥ ልጅ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ቀብድ ከፍያለሁ። የወረቀት ፕላስተሩ የት ይገኛል?

ዋንዛ፦ ቀብዱን የቱ ጋ ነው የከፈልከው?

ብሩሽ ቁጥር 8፦ ፕላስተር ፔዳ በር አለ።

ዋንዛ፦ የቱ ጋ?