አስቸኳይ! የዪ ጽሑፍ ላይ «ዉ» የምትል ንባብ በየቦታው እየወጣችብኝ ነው

ጠያቂ (ብራና21)፦
ድረሱልኝ፣ ማታ ማስረከብ አለብኝ። የዪ ፊደልን (የቻይናዎቹ የዪ ሕዝቦችን ፊደል) ወደ ላቲን ንባብ የሚቀይር ስክሪፕት ጽፌያለሁ፤ ንባቡን የሚወስደው ዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት በቁጥርና በስም የሚመዘግበው የኮምፒውተር ደረጃ) ለፊደሉ ከሰጠው ስም ነው። አሁን «ዉ» መዓት ነው። ጽሑፉን የላከችልኝ የሊያንግሻን (የሲቹዋን ዪዎች አገር) ልጅ «እዚህ ቦታ እንዲህ አይባልም» አለችኝ። ምን ላድርግ?

ቀለሜ፦
ፎንት ነው የጎደለህ። ኖቶ ሳንስ ዪን ጫን።

ብራና21፦
ፎንቱ አለ፣ ፊደሉም በደንብ ይታየኛል። የተበላሸው ንባቡ ነው።

የፊደል ወዳጅ፦
ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ይህ ፊደል ኖሱ የሚባሉት የሲቹዋን ዪዎች ቋንቋቸውን የሚጽፉበት፣ የቻይና መንግሥት በ1980 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው ነው። እንደ እኛው አንዱ ፊደል አንድ ሙሉ ድምፅ ይይዛል፤ ግን ካዕብ፣ ሣልስ እያልክ አታወርደውም፣ እያንዳንዱን ለብቻው ታጠናዋለህ። ዩኒኮድ የገባው ከእኛ ፊደል ጋር እኩል ነው፦ 1999 እ.ኤ.አ.፣ ዕትም 3.0። 1165 ቦታ ይዟል። በላቲኑ መጨረሻ የምታያቸው ቲ፣ ኤክስና ፒ የቃና ምልክቶች ናቸው፤ እንደ ተነባቢ አይነበቡም።

ዘላን፦
ጋሼ፣ ትምህርቱ ግሩም ነው፤ ልጁ ግን ማታ ያስረክባል።

ሸገር_ኮደር፦
ቆይ፣ እነሱ ቻይንኛ ያነቡ የለም እንዴ? ለምን በቻይንኛ አትጨርሰውም?

ብራና21፦
ሰዎቹ የተናገሩት በኖሱ ነው፣ ሥራውም የታዘዘው በኖሱ ነው። በሰው ቋንቋ ላይ እኔ አልወስንም።

ቀለሜ፦
ፎንቱን አጥፍተህ እንደገና ጫነው እስቲ።

ጥቁር_ሰሌዳ፦
ተደጋገመችብኝ ነው የምትለው? መደጋገም ሥራዋ ነዋ! ቁጥሯን እየው። በዩኒኮድ አጻጻፍ ኤ015 (A015) ከሆነች፣ በአስርዮሽ 40981፣ ከሷ ቀድሞ ያለውን ፊደል ድገም የምትል ምልክት ናት። ዩኒኮድ ሲሰይማት ተሳስቶ «ዪ ሲላብል ዉ» (የዪ ቀለም «ዉ») አላት። አንዴ የወጣ ስም አይቀየርም፣ ሕጋቸው ነው፤ ስለዚህ ማረሚያ ስም ከጎኗ ተመዘገበላት። ፓይተንን (የፕሮግራም ቋንቋውን) ስሟን ብትጠይቀው ግን ዛሬም የሚመልስልህ የተሳሳተውን ነው። በኖሱ ግሱ ሲደገም «ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይሆናል፤ ጥያቄ የበዛበት ጽሑፍ ላይ የምትበዛውም ለዚህ ነው። ስሟን ተወውና 40981 ሲመጣ የመጨረሻውን ንባብ ድገም።

ብራና21፦
ቃለ መጠይቅ እኮ ነው! ኧረ እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁኑኑ ልሞክረው።

ዘላን፦
ዋናውን ጽሑፍ እንዳትነካው፣ ንባቡን ብቻ አስተካክል። ፍለጋም ካለህ ልብ በል፦ ሁለቴ የተጻፈ ፊደል ብትፈልግ በምልክቷ የተጻፈውን አያገኝልህም።

ቀለሜ፦
በዊንዶውስ ከሆነ ማይክሮሶፍት ዪ ባይቲም አለ።

ጥቁር_ሰሌዳ፦
ብራና፣ ሠራልህ ወይ? ልጅቷ አንድ ገጽ ታንብብልህ፤ ከማስረከብህ በፊት ቃናውን ጆሮዋ ይፍረድ።