ሳልሳም ጉራግኛም የሚያጫውት ዲጄ እንዴት ልምረጥ?

እባካችሁ ዲጄ መምረጥ ላይ ተቸግሬያለሁና አንድ ነገር በሉኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የባለቤቴ 40ኛ ልደት ደርሷል። እሷ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውን «ኤል ካንታንቴ» ካየች ወዲህ ከሳልሳ ሌላ አይጥማትም። ማርክ አንቶኒ ዘፋኙን ኤክቶር ላቮን፣ ጄኒፈር ሎፔዝ ሚስቱን ፑቺን ሆነው የሠሩበት ፊልም ነው። (እኔን ከጠየቃችሁኝ የሱሱ ታሪክ በዝቶበታል። ዘፈኖቹ ግን ወንበር ላይ አያስቀምጡም።)

ሁለት ዲጄዎች አነጋግሬያለሁ። አንዱ ሀበሻ ነው። እስክስታውን መቼ፣ ጉራግኛውን መቼ እንደሚለቅ ጠንቅቆ ያውቃል። ሳልሳስ ስለው «ችግር የለም» አለኝ። የላከልኝ ናሙና ግን ባቻታና ሬጌቶን ብቻ ነው፤ ሁለቱም የላቲን ሙዚቃ ቢሆኑም ሳልሳ አይደሉም!

ሌላው ፖርቶ ሪኳዊ ነው። የ1970ዎቹን የኒውዮርክ ሳልሳ፣ እነ ሙዚቀኛው ዊሊ ኮሎንን፣ የሳልሳ አሳታሚውን የፋኒያን ሸክላዎች አብጠርጥሮ ያውቃል። ግን የእኛን እንግዶች በምን ያስነሳቸዋል? ለፊልሙ ስም የሆነው ዘፈን ራሱ ከ10 ደቂቃ በላይ ነው። እርምጃውን የማያውቅ ሰው ገና በሁለተኛው ደቂቃ ወደ ክትፎው ይመለሳል።

ሁለቱንም ለመቅጠር አቅሜ አይፈቅድም። ለሀበሻው የሳልሳ ዝርዝር ሰጥቼው ይሥራ? ወይስ ለፖርቶ ሪኳዊው የእኛን ዘፈኖች በፍላሽ ላቀብለው? ረጅም ዘፈን ቆርጦ ማጫወትስ ሳልሳ ወዳዶችን ያስቀይማል? ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ምን ብዬ ልፈትናቸው? የሞከራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ፣ አዳራሹን ይዣለሁ።