የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም አስበናል፤ አቤቱታው ይቅደም ወይስ ምዝገባው?

ሰፊዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በእኛ መስመር ለአርባ ሰው የተመደበው የመጸዳጃ ቤት ካርድ ሁለት ብቻ ስለሆነ፣ አንዱ ወደ ሱፐርቫይዘሯ ጠረጴዛ ካልተመለሰ ማንም ከመቀመጫው አይነሣም። ባለፈው ወር ነፍሰ ጡር የሆነች ጓደኛችን ተራዋን ስትጠብቅ የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፋች፤ ፊቷን በውኃ አብሰን ያነሣናት እኛ ነን፣ የዕለቱን ኮታ ስላልሞላች ግን ከደመወዟ ተቆረጠባት። «ትእዛዝ ደርሷል» እየተባልን እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እንቆያለን፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያው ግን ተሟልቶ አይደርሰንም። ስድሳ ሰው የፈረመበት አቤቱታ ለማስገባት አስበን ነበር፣ ነገር ግን ብዙዎቹ እንባረራለን ብለው ይፈራሉ። ምን ትመክሩናላችሁ?

የቀድሞ የማኅበር ጸሐፊ፦
እህቴ፣ ማኅበሩ ይቅደም። እኛ በቆዳ ፋብሪካ ስንሠራ ያደረግነው የተገላቢጦሹን ነበር፤ አቤቱታው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ በገባ በሳምንቱ ከላይ የፈረሙት አራት ልጆች «የሥራ ቅነሳ» ተብለው ወጡ፣ የተመዘገበ ማኅበር ስላልነበረን በስማቸው የሚናገርላቸው አካል አልነበረም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው አሥር አባላትን ብቻ ስለሆነ ስድሳ ፊርማ እስኪሞላ አትጠብቁ። እርስ በርስ የምትተማመኑት ሰዎች ከቅጥር ግቢው ውጭ፣ በዕረፍት ቀናችሁ ተሰብሰቡ፤ መተዳደሪያ ደንብ አጽድቁ፣ መሪዎቻችሁን ምረጡ፣ ቃለ ጉባኤውንም ሁላችሁም ፈርሙበት። የደንብ ናሙና የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንን ወይም በዘርፋችሁ ያለውን ፌዴሬሽን ጠይቁ።

የሥራ ክርክር ጠበቃ፦
ከላይ በተሰጠው ምክር እስማማለሁ። የመደራጀት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የተረጋገጠ ነው፤ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 26 መሠረትም የማኅበር አባል መሆን ሠራተኛን ለማሰናበት በቂ ምክንያት ሊሆን አይችልም። በዚህ ምክንያት የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው እንዲመለስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል፤ ሆኖም ጥያቄው በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ውድቅ ይሆናል። ያልተከፈለ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄም በስድስት ወር እንዲሁ በይርጋ ይታገዳልና የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በየዕለቱ በደብተር ያዙ። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም፤ በቀኑ ክፍለ ጊዜ የሚከፈለውም የመደበኛው ሰዓት ደመወዝ በ1.5 ተባዝቶ ነው። ነፍሰ ጡር ሴትን ጭራሹን በትርፍ ሰዓት ማሠራት የተከለከለ ነው። የጓደኛችሁ ጉዳይ ከሁሉ አስቀድሞ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ሊቀርብ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ሰፊዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን። የሰዓት ደብተሩን ዛሬ ጀምረናል። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ከመካከላችን ሁለቱ ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ናቸው፣ እነርሱም ይፈርሙ?

የቀድሞ የማኅበር ጸሐፊ፦
ሌሎች አሥር ሰዎች ካሏችሁ እነርሱ የሙከራ ጊዜያቸውን፣ ማለትም 60 የሥራ ቀን ጨርሰው ቢፈርሙ ይሻላል። አሠሪው በሙከራ ጊዜ «ለሥራው ብቁ አይደለም» ብሎ ማሰናበት ስለሚቀለው ልጆቹን አታጋልጧቸው። ስብሰባው ላይ ግን ይገኙ።