በሐዋሳ የሒሳብ መምህራን ማኅበር የቅዳሜ ልምምድ ዕቅድ፣ ሁለተኛ ረቂቅ ከአባላት አስተያየት ጋር፦ «የፋንክሽን ሽግሽግ» (ቀመሩ ሲለወጥ ኩርባው በግራፍ ላይ እንዴት እንደሚለወጥ)

ጸሐፊ፦ ከየአባሉ የተዋጣው 200 ብር የሚውለው ብርሃን ለሚያሳልፍ ፕላስቲክና ለስኩዌር ወረቀት ብቻ ነው። ተማሪው የኤክስ ካሬን ኩርባ በፕላስቲኩ ላይ ሥሎ በወረቀቱ ላይ እያንሸራተተ፣ ቀመሩ በየቦታው ምን እንደሚሆን ራሱ ይጽፋል። ስምንት ቅዳሜ ይበቃናል።

የ11ኛ ክፍል መምህርት፦ ዘዴው ይሠራል። አንዲት ተማሪዬ ኤክስ ሲቀነስ 3 በቅንፍ ሆኖ ካሬ ሲደረግ ኩርባውን ወደ ግራ ወሰደችው፤ በቁጥር መስመር ላይ መቀነስ ወደ ግራ ነውና አልፈረድኩባትም። ፕላስቲኩን 3 ወደ ቀኝ አስገፍቼ የኩርባው ጫፍ ለምን እዚያ እንዳረፈ ስጠይቃት ግን፣ «ቅንፉ ዜሮ የሚሆነው ኤክስ 3 ሲሆን ነው» ብላ ራሷ መለሰች። ችግሩ ፕላስቲክ ይንሸራተታል፣ ሲገለበጥም ነጸብራቅ ያሳያል እንጂ አይለጠጥም። በኤክስ ፈንታ የኤክስ እጥፍ ሲገባ ኩርባው ወደ ዋይ አክሲስ (ወደ ቋሚው መስመር) በግማሽ መጥበቡን በምን እናሳያለን?

አባል፣ ከታቦር በኩል፦ ከዚያ በፊት «ሽግሽግ» ከርዕሱ ይውጣ። የሚኒባስ ረዳት ቃል በማኅበራችን ሰነድ ላይ ሊታተም አይገባም።

አንጋፋው መምህር፦ ቃሉን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ረዳቱ «ሸግሸግ በሉ» ሲል ተሳፋሪው ቦታውን እንጂ ቅርጹን አይለውጥም፤ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ያለው ያምጣ።

አባል፣ ከታቦር በኩል፦ እንግዲያው በራስዎ ምሳሌ ተሸነፉ። መለጠጥና መጥበብ ቅርጽ ስለሚለውጡ «ሽግሽግ» ሁሉንም አያቅፍም። «ልውጠት» ይባል።

የ9ኛ ክፍል መምህር፦ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የምናስተምረው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው በፈተና ወረቀት ላይ «ልውጠት»ን ከየት ያገኘዋል? «ትራንስፎርሜሽን» ይባልና ይለቅ።

አንጋፋው መምህር፦ ጠመኔ ይዤ ያረጀሁትን ሰው የረዳት ቃል ተናጋሪ ማለት ድፍረት ነው። ስሜ ከአዘጋጆች ዝርዝር ይሰረዝ።

አባል፣ ከታቦር በኩል፦ የተናገርኩት ስለ ቃሉ እንጂ ስለ እርስዎ አይደለም። ተማሪዎ ነበርኩ፤ ይህን ያውቃሉ።

አንጋፋው መምህር፦ ስሜ ይቆይ። ቃሉም ይቆይ።

ሌላ አባል፦ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስትከራከሩ በአንደኛ ደረጃ በሲዳሙ አፎ የተማሩትን ልጆች ማን አሰባቸው? ሐዋሳ ላይ ሆነን ይህን መርሳት ያስተዛዝባል። በሦስቱ ቋንቋ የቃላት ሠንጠረዥ ይዘጋጅ።

የ9ኛ ክፍል መምህር፦ በዚህ እስማማለሁ፤ የመጀመሪያውን ገጽ እኔ እጽፋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ ይህ ሁሉ ሲጻፍ ስለ ፕላስቲኩ የጠየቀ የለም። ከፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት አስቆርጣለሁ ያለው አባል ከማክሰኞ ወዲህ ስልክ አያነሳም።

የ11ኛ ክፍል መምህርት፦ ለመለጠጡ ጂኦጀብራ የተባለው የግራፍ መሥሪያ ፕሮግራም ይበቃል። በነጻ የሚገኝ ነው፣ አንዴ ከተጫነም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የሚያስፈልገን አንድ ላፕቶፕ ብቻ ነው። ማን ያመጣል?

ጸሐፊ፦ በብዙኃኑ ሐሳብ መሠረት ሦስተኛው ረቂቅ «የሒሳብ ቃላት ሠንጠረዥ በሦስት ቋንቋ» የሚል ርዕስ ይዟል። የልምምዱ ቅዳሜ ወደ ሦስት ዝቅ ብሏል፤ መዋጮውም ለኅትመት እንዲዞር ቀርቧል።

ገንዘብ ያዥ፦ ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «ለፕላስቲክና ለወረቀት» ነው። ያለ ቃለ ጉባኤ አንድ ብር አላዞርም።

አባል፣ ከታቦር በኩል፦ በሠንጠረዡ ተራ ቁጥር 1 ላይ አሁንም «ሽግሽግ» ተጽፏል።

የ11ኛ ክፍል መምህርት፦ ላፕቶፕ አመጣለሁ ያለ አንድም ሰው የለም። እኔ በፊታችን ቅዳሜ ደብተር የሚለበድበትን ላስቲክ ቆርጬ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ክፍሉን እከፍታለሁ። የ9ኛ ክፍሉ መምህር ቢያንስ ያን የመጀመሪያውን ገጽ ይዘው ይምጡ።